የመሰኪያው ዘበኛ

መብራት ሲሄድ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ እኔ የምፈልገው መሰኪያ ነው። ፍሪጁን፣ ምድጃውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የስልክ ቻርጀሩን ሳይቀር በጨለማ እየዳበስኩ እነቅላለሁ። ባለቤቴ "ደሞ ጀመራት" ይላል። ልጆቼም ለምደውኛል፤ መብራት በሄደ ቁጥር "እማዬ፣ ሩጪ!" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰሞኑን ደግሞ ከቤታችን ጀርባ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተከፍቷል። ዋንዛ በማሽን ሲቀረጽና ትንሽ ሲያር የሚያወጣው ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ያ ሽታ ሲመጣ እግሬ አያርፍም። ድስት ጥጄ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ ቤታችን መስኮት ሥር፣ እጄ መሰኪያው ላይ ነው።

ያን ዓመት አባቴ የምግብ ጠረጴዛችንን በሳው።

አባቴ አዳማ ተወልዶ ለሥራ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ የእንጨት ወርክሾፕ ቴክኒሻን ነበር። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ጓደኛው አንድ ትልቅ ራውተር ትቶለት ሄደ። አሁን ራውተር ሲባል ሰው ሁሉ የኢንተርኔቱን ያስባል። የእኛው የእንጨት ነው፤ ከባድ ሞተር ያለው፣ በሚሽከረከር ስለት የጣውላን ጠርዝ እየቀረጸ ጌጥ የሚያወጣ። በእጅ ተይዞም ይሠራበታል፤ ያ ግን አንዴ ሲነሣ የአባቴን ክንድ እስከ ትከሻው ያንቀጠቅጠው ነበር። "ይሄን የመሰለ ጉልበት በእጅ አይያዝም፤ ጠረጴዛ ነው የሚያስፈልገው" አለ። እንዳለውም እናቴ ገበያ በሄደችበት ቅዳሜ ጠዋት የጠረጴዛውን መሐል በስቶ ማሽኑን ከሥሩ ዘቅዝቆ አሰረው። ስለቱ ብቻ በቀዳዳው በኩል ብቅ አለ።

እናቴ ዘምቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"የራውተር ጠረጴዛ" አለ አባቴ። ኩራቱን መደበቅ አቅቶታል።

"የሠርጌ ጠረጴዛ ነበር።"

"አሁንም ነው። ቀዳዳ ብቻ ነው የጨመርኩበት።"

ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ጠረጴዛው ወደ በረንዳ ወጣ፤ እኛም ምግባችንን በትሪ አድርገን ምንጣፍ ላይ መብላት ጀመርን። እንግዳ ሲመጣ "ጠረጴዛችን ቀንድ አበቀለና ከቤት አስወጣሁት" ትል ነበር።

መጀመሪያ የሞከረበትን ቀን አልረሳውም። ጣውላውን ከግራ ወደ ቀኝ ገፋው፤ በእጅ ሲሠራ የለመደው እንደዚያ ነበር። ማሽኑ ግን ተዘቅዝቋል፤ ሲዘቀዘቅ ደግሞ ዙሩም ይገለበጣል። ጣውላው ከእጁ ተነጠቀና ግቢውን አቋርጦ በርሮ የእናቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሰነጠቀው። ማንንም አልነካም። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ከእናቴ የጥፍር ቀለም ለምኖ ጠረጴዛው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የምታመለክት ቀይ ቀስት ሣለ። እኔ ቀስቷ ለራሱ የተሣለች ማስታወሻ መሆኗን አላወቅኩም። ለማሽኑ የተሰጠች ትእዛዝ መሰለችኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ ማንበብ የሚችል ማሽን አለን ብዬ አወራሁ፤ ማንም አላመነኝም፤ ለዚህም ከሁለት ልጆች ጋር ተኳረፍኩ።

ሌላም ችግር ነበር። ማብሪያው ያለው ማሽኑ ላይ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር ነው። አባቴ በየጊዜው ተንበርክኮ መፈለጉ ሰለቸውና ማብሪያውን እንደበራ በፕላስተር ጠፍሮ ተወው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚነሣውም የሚቆመውም በመሰኪያው ብቻ ሆነ። ሶኬቱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው በረንዳ ላይ፤ ገመዱ በመስኮት ይወጣል። ስለዚህ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ ሰው አስፈለገ።

ያ ሰው እኔ ሆንኩ። "ስኪ!" ሲለኝ እሰካለሁ፣ "ንቀይ!" ሲለኝ እነቅላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረኝ። ያን በጋ መብራት በፈረቃ ነበር፤ ፈረቃውንም ቢሆን የሚያከብረው አልነበረም። ሲፈልግ ጠዋት ይሄዳል፣ ሲፈልግ አንድ ልብስ ተተኩሶ ሳያልቅ ይሄዳል። አባቴ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ እንዲህ አለኝ፦

"መብራት ከሄደ ከሁሉ በፊት መሰኪያውን ንቀይ። ሰው ከመጥራትሽም በፊት። ማሽኑ ዝም ያለው ጠፍቶ አይደለም፤ እየጠበቀ ነው።"

እየጠበቀ ነው ያላት ነገር እረፍት ነሳችኝ። የሚጠብቅ ነገር ሕይወት አለው ማለት ነው። ማንን ነው የሚጠብቀው? ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የክፍሉ መብራት ድርግም ካለ ብድግ እል ነበር፤ አስተማሪያችን "እግርሽን ከወንበሩ ጋር ልሰረው?" ትለኛለች። እሁድ ቅዳሴ ላይ እንኳ ድምፅ ማጉያው ሲቋረጥ እጄ ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ውስጥ ጨብጣ ትይዘኛለች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ መጡ። ከሐይቁ ማዶ ባለች ደብር መሪጌታና ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በብራና ላይ በመቃ ብርዕ ይጽፋሉ። የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነው፤ ሐኪሙም እንዲመላለሱ ስላዘዛቸው እስከ ፋሲካ እኛ ዘንድ ሊቆዩ ሆነ። ከጀልባው ሲወርዱ አንድ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ለሁለት ሰው አሸክመው ነበር። ከደብሩ ግቢ የወደቀ ዛፍ ነው አሉ።

"ለአዲሱ ዳዊት አትሮንስ ትሠራበታለህ" አሉት አባቴን። አትሮንስ ትልቅ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት ማስቀመጫ ነው። "ዳዊቱን እዚሁ እጽፍና እጨርሰዋለሁ። ለትንሣኤ ሁለቱም አብረው ይገባሉ።"

"ይሠራል፣ መሪጌታ። እንዲያውም ጠርዙን በራውተር ሐረግ አወጣልዎታለሁ።"

"በምን?"

አባቴ "ስኪ!" ብሎ ጮኸ።

ማሽኑ እሪ ሲል አያቴ አማተቡ። ሲቆም ግን ቀስ ብለው ተጠግተው ዙሪያውን ተመለከቱት።

"ጉልበታም ነው" አሉ። "ልጓሙን ማን ነው የሚይዘው?"

"እኔ" አልኩ በመስኮት።

አያቴ እየሳቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ቁም ነገር አድርጌ ነው የያዝኩት።

ከዚያ በኋላ በረንዳችን ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ጫፍ አባቴ ከሥራ ሲመለስና ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንቃውን ይልጋል፣ ይቀርጻል። በሌላው ጫፍ አያቴ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ ብራናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ማሽኑ ሲጮህ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማሽኑን በጸሎት እየገሠጹት ነው ብዬ አመንኩ፤ እንዲያውም ጸሎቱ እየሠራ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጣውላ በርሮ አያውቅምና። የሚጽፉትን ቃል እየጠሩ እንደሚጽፉ የነገረችኝ እናቴ ናት። መብራት ሲሄድ አባቴ መዶሻውን ወርውሮ ይነጫነጫል፤ እሳቸው ቀና ሳይሉ "የኔ ብርዕ ፈረቃ የላትም" ይላሉ። አንድ የሚያማርሩት ነገር ቢኖር ሰጋቱራው ነበር። የእንጨቱ ብናኝ እየተነሣ ገና ያልደረቀ ቀለማቸው ላይ ያርፋል፤ እፍ እፍ ሲሉ ይውላሉ። ሲመሽም የአባቴን ሬዲዮ ይሰማሉ። ሬዲዮውም የሚሰካው እዚያችው ሶኬት ላይ ነበር።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ የአትሮንሱን አንድ ጎን ጨርሶ ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል መብራት ሄደ። "በቃ፣ ይሄ ማታ ነው የሚመጣው" አለና የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ ሊገዛ ወጣ። እናቴ ጓዳ ነበረች። እኔ ወደ መሰኪያው ዞሬ ነበር። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ እምላለሁ። በዚያች ቅጽበት ከመንገድ "ጉማሬ! ጉማሬ ወጥቷል!" የሚል የልጆች ጩኸት መጣ። ጉማሬ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ሣር እየጋጠ ነው አሉ። ሰምቼ ነበር እንጂ በቀን ከውኃ የወጣ ጉማሬ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላጠልቅ ሮጥኩ።

ጉማሬውን አላየሁትም። ስንደርስ ደንገሉ ብቻ ይወዛወዛል። አንድ መረብ የሚጠግን ሰው "አሁን ገባ፤ ቆይታችሁ መጣችሁ" አለን። ይወጣ እንደሆን ብለን ቆመን ጠበቅን። አንዱ ልጅ ድንጋይ ሊወረውር ሲል ሰውየው ተቆጣው። ከዚያ ከኋላችን፣ ከቤቶቹ በኩል፣ "መጣ!" የሚል ጩኸት ተነሣ።

ያን ጩኸት የማያውቅ የለም። መብራት ሲመለስ ልጅ ሁሉ የሚጮኸው ነው። አጠገቤ ያሉት ልጆች "መጣ! መጣ!" እያሉ ዘለሉ። እኔም አብሬ ዘለልኩ። እግሬ መሬት ሳይነካ ትዝ አለኝ።

እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ ተነሥቷል፤ እህል ያስፈጩ የነበሩ ሴቶች ይሳሳቃሉ። ፀጉር ቤቱ ሙዚቃውን ከፍቷል። ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል እኔ እያለቀስኩ እሮጣለሁ። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ የማሽኑን እሪታ ሰማሁ።

አያቴ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው በግራ እጃቸው ጨምቀው ይዘውታል፤ ጋቢው እየቀላ ነው። እናቴ "ወይኔ አባቴ! ወይኔ!" እያለች የምታስርበት ጨርቅ ትፈልጋለች። እኔ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄጄ መሰኪያውን ነቀልኩት። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ማሽኑ ዝም ሲል ጊዜ አገኘሁ ብለው ያን ሰጋቱራ በእጃቸው ሊጠርጉ ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው ነበር።

አባቴ ኮላውን እንደያዘ ገባ። አንዴ አያቴን አየ፣ አንዴ እጄ ላይ ያለውን መሰኪያ አየ።

"አልነቀልሽውም ነበር?"

መሰኪያውን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

"ልጅቱን ተዋት" አሉ አያቴ። "እሷ ነቅላው ነው የሄደችው። መልሸ የሰካሁት እኔ ነኝ። የሬዲዮው መስሎኝ።"

ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። የቀኝ አመልካች ጣታቸው ጫፍ ከነጥፍሩ ሄዷል፤ ብርዑ የሚያርፍበት ጣት።

ሰው ሊጠይቃቸው ይመጣ ጀመር። አባቴ ሰው ማሳቅ ይወዳል፤ ክፋት የለበትም፤ ያየውን ድንጋጤም የሚረሳው በዚያ ይመስለኛል። ለመጣው ሁሉ "መሪጌታ ራውተሩን ሬዲዮ ነው ብለው ከፈቱት!" እያለ ያወራል። ሰው ይስቃል። አያቴም የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ምን ላርግ፣ የባላገር ነገር" ይላሉ። ስንት ሊቅ ያስተማሩ ሰው፣ ሶኬት የማያውቁ ሆነው አረፉት። እኔ ጓዳ ገብቼ ጥርሴን እነክስ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ አባቴ ሸለመኝ። ከተረፈው ዋንዛ ጠርዟ የተቀረጸች ትንሽ ወንበር ሠርቶ መስኮቱ ሥር አስቀመጠልኝና "የመሰኪያው ዘበኛ መቀመጫ ናት። እንዳንቺ ያለ ታማኝ ሰው ቆሞ አይውልም" አለኝ። ወንበሯ ላይ ስቀመጥ ምጣድ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ያቃጥለኝ ነበር።

ቁስሉ ትንሽ ሲሻለው አያቴ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ተመለሱ። ከማግሥቱ ጀምሮ ገና ወፍ ሲንጫጫ እየተነሡ በረንዳው ላይ መስገድ ጀመሩ። የታሰረው እጃቸው መሬት እንዳይነካ በክርናቸው እየተደገፉ ይሰግዳሉ። ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ። በሦስተኛው ቀን እኔም ተነሥቼ አጠገባቸው መስገድ ጀመርኩ። ወደ ሰባት ስደርስ ቀና አሉ።

"አንች ደግሞ ምን ሁነሽ ነው?"

"ጣትዎ እንዲበቅል።"

ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ግን ፊቴን አዩና ሳቁን ተዉት።

"ጣት አይበቅልም፣ ልጀ። ይኸ ቀኖና ነው። ስለዋሸሁ የተሰጠኝ።"

"ለኔ ብለው ነው የዋሹት።"

"አዎ። የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ እሰግደዋለሁ።"

"የኔስ?"

አያቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አልተቆጡኝም።

"ያንችውን እኔ ልሰግድልሽ አልችልም" አሉኝ፤ ተመልሰውም ሰገዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍም ወንበርም አስጠላኝ። ለአባቴ ለመናገር እቀርባለሁ፤ ውኃ አምጪ ይለኛል፤ አመጣለታለሁ፤ እመለሳለሁ። ለእናቴ ልነግር እጀምርና ስለ ትምህርት ቤት አወራለሁ። አያቴ ደግሞ ብርዑን በአውራ ጣትና በመሐል ጣት መያዝ ይለማመዳሉ። ፊደላቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ጀመር። አንዳንዱን ብራና እያዩት ይቆዩና ፍቀው እንደገና ይጽፋሉ። ለፋሲካ ይድረስ አይድረስ እንጃ ይላሉ።

አንድ ዘዴ አገኘሁ። ማሽኑ ሲነሣ የሰው ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ "ስኪ!" ሲለኝ እሰካና ጩኸቱ ውስጥ ሆኜ መለማመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ "አልነቀልሁትም።" ማንም አልዞረም። በማግሥቱ ጮክ ብዬ። ከዚያም ወንበሯ ላይ ቆሜ። የሆነ ነገር ቀለል አለኝ፤ የተናገርኩ ሁሉ መሰለኝ። አባቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ኖሮ ለእናቴ "እሷም እንደ አያቷ ትጸልያለች" አላት።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ የቀረው አንድ ጠርዝ ብቻ ነበር። አባቴ ትንፋሹን ይዞ ሳንቃውን ቀይዋን ቀስት ተከትሎ ይገፋል። እናቴ ልብስ ታሰጣለች። አያቴ ይጽፋሉ። የዋንዛው ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። እኔ ወንበሯ ላይ ቆሜ በመስኮቱ ወደ ውጭ ባለ በሌለ ድምፄ እጮሃለሁ፦

"ጉማሬ ላይ ሂጀ ነው! አልነቀልሁትም! እሳቸው አልሰኩትም! ለኔ ብለው ነው የዋሹት!"

መብራት ሄደ።

የሄደው "ለኔ" ካልኩ በኋላ ይመስለኛል። ማሽኑ ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ፤ አፌን ግን ማቆም አልቻልኩም። "ብለው ነው የዋሹት!" የሚለው ጸጥ ባለው ግቢ ውስጥ ለብቻው ጮኸ። የጎረቤት ሴት በአጥር ላይ ብቅ አለች። እናቴ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆመች። የአያቴ ብርዕ ቆመ።

አባቴ ሁለቱም እጆቹ ሳንቃው ላይ ናቸው። ስለቱ በቆመበት ቦታ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቀርታለች፤ በኋላም በብርጭቆ ወረቀት ቢያሽ ቢያሽ አልጠፋችለትም፤ አትሮንሱ ላይ ዛሬም አለች። ቀስ ብሎ እጆቹን አነሣ። ወደ እኔ ዞረ። በጥፊ እንደሚለኝ ስላወቅኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አሁንስ ነቅለሻል?" አለኝ።

ዓይኔን ገልጬ አየሁ። መሰኪያው ሶኬቱ ላይ ነበር።

ከወንበሯ ዘልዬ ነቀልኩት። በመስኮቱ ወደ ላይ አንሥቼ አሳየሁት። አባቴ አየው። ከዚያ በረንዳውን አቋርጦ ሄዶ አያቴ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ ብራናው እንዳይነካ እንኳ ያሰበ አይመስለኝም።

"ይቅር ይበሉኝ፣ መሪጌታ። የሰው መሳቂያ አደረግኩዎት።"

"ተው ተነሥ፤ ቀለሙ ይደፋል" አሉ አያቴ። በጎደለችው ጣታቸው ራሱን ነካ አደረጉት። "ተነሥና አትሮንስህን ጨርስ። እሷም የሷን ሰግዳለች።"

አባቴ ተነሥቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ከዚያም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

"አንቺ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። መብራት እስኪመጣ እንዳትነሺ።"

ተቀመጥኩ። ልጆች በመንገድ ሲሮጡ ሰማሁ፤ ወዴት እንደሚሮጡ አልጠየቅኩም። እናቴ ሽሮውን በትሪ አምጥታ እዚያው አጎረሰችኝ። ሊመሽ ሲል ሰፈሩ ሁሉ "መጣ!" ብሎ ጮኸ፤ መሰኪያው በእጄ ነበር።